ያልተቀመሰልኝ መጠጥ

እኛ ደባርቅ ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ማለቱ ነው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ኪየቭ ስሄድ እናቴ አውቶቡሱ ድረስ ሸኝታኝ፣ «ያልቀመሱልሽን እንዳትጠጪ» አለችኝ።

እዚያ አንድ እሑድ የክፍል ጓደኛዬ እናት ቤታቸው ጠሩኝ። ከዳቦ የተጠመቀ፣ ጠላ ጠላ የሚሸት መጠጥ ከጆግ ቀዱልኝ። አልቀመሱም! ልጃቸውም ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ምን ጨምረውበት ይሆን? እኔ ማን መሰልኳቸው? ቢጠማኝም ብርጭቆውን አሸተትኩት፣ ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። በመጨረሻ ወደ እሳቸው ገፋ አድርጌ፣ «እስቲ ይቅመሱልኝ» አልኳቸው።

ሴትየዋ ትክ ብለው አዩኝ። ብርጭቆውን አንስተው እስከ አተላው ጨለጡት፤ አፋቸውን ጠርገው ጆጉን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ።

መርዝ እንደሌለበት አመንኩ። አሁን ማን ይቅዳልኝ?