በረዶ ያላቀለጠው ጃኬት

ነገሩ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል። ኅዳር በገባ ቁጥር ግን ይመጣብኛል። ብርድን በወሬ ብቻ የማውቅ የጂንካ ልጅ ሆኜ፣ ስለ ጃኬት ሙቀት ከመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ጋር የመከርኩበት ወር ነው። አንዳንዴ ያስቀኛል፤ አንዳንዴ አሁንም ያንገበግበኛል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዤ ወደ አርብቶ አደሩ መውረድ ነው። በዚያ ዓመት ለመሥሪያ ቤታችን የውጭ አገር ሥልጠና መጣ። ሥልጠናው ክትባት በሞቃት አገር ሳይበላሽ እንዴት እንደሚጓጓዝ የሚያስተምር ነው፤ የሚሰጠው ግን በረዶ በሚዘንብበት አገር ነው። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ባሕር የሚያሻግር ሥልጠና ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

ስሜ ወጣ። አልዋሽም፣ የአውሮፕላኑም ነገር አጓጉቶኝ ነበር። ነገር ግን ሌላም ጉዳይ ነበረኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ካንጋተን ወደምትባል የቆላ ከተማ ወርጄ የወጋሁት ክትባት ለካ መንገድ ላይ ሞቆ ኖሯል፤ የአንድ ሽማግሌ ፍየሎች ከተከተቡ በኋላ በበሽታው አለቁ። ሽማግሌው አልተቆጡኝም። ዝም ብለው አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሥልጠናውን የፈለግኩት ዳግመኛ እንደዚያ እንዳልታይ ነው።

ደብዳቤው ግርጌ ላይ «በየዕለቱ የሚለበስ፣ ሙቀት ያለው የላባ ጃኬት ይዘው ይምጡ» ይላል። እኛ ዘንድ ላባ ያለው ዶሮ ነው። ስለዚህ አየለን አማከርኩ። አየለ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ደብረ ብርሃን ሁለት ዓመት ስለተማረ በመሥሪያ ቤታችን የብርድ ባለሙያ እሱ ነው። ጂንካ ላይ ደመና ሲመጣ ሁላችንም ሹራብ ስንደርብ እሱ ብቻ በሸሚዝ ቆሞ «ይሄም ብርድ ተብሎ» ይለናል።

ቅዳሜ ገበያ ይዞኝ ወጣ። ሰልቫጅ የሚሸጠው ታደሰ ከወላይታ የመጣ፣ ዋጋ ከመናገሩ በፊት «ጌታ ይባርክሽ» የሚል ነጋዴ ነው። ከክምሩ ሥር ሰማያዊ ጃኬት ጎትቶ አወጣ። ሲጨምቁት በጭብጥ ይያዛል፣ ሲለቁት ተመልሶ ይነፋል። አየለ ስፌቱን በጥፍሩ ፈልፍሎ አንዲት ነጭ ላባ አወጣና እንደ ሐኪም ወደ ፀሐይ አንጋጦ አያት።

«የምንድን ነው?» አለው።

«የዳክዬ» አለ ታደሰ።

ገዛሁት። ቤት ስገባ ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ። የነቢያት ጾም ገብቷል፣ ዳክዬ ደግሞ የማይበላ ነው። እናቴ ጃኬቱን በሁለት ጣት አንጠልጥላ «ይሄን ለብሰሽ ጾምሽን ልትፈቺ?» አለችኝ። አላስቀምጥ ብትለኝ የነፍስ አባታችን ዘንድ ተሄደ። አባ ጃኬቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ትልበሰው፤ አትብላው» ብለው ፈቱን።

ሰኞ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ አሳየሁ። አየለ ግን አልረካም። «ሙቀቱ ሳይፈተሽ ባሕር አትሻገሪም» አለ። ፈተናውንም ራሱ አወጣ። ከክትባት ማቀዝቀዣው ሁለት የበረዶ ከረጢት አስወጣኝ፤ አንዱን ጃኬቱ ውስጥ ጠቅልሎ ዚፑን ዘጋ፣ ሌላውን ጠረጴዛ ላይ ተወው። «ጃኬቱ ሙቀት ካለው እስከ ምሳ ሰዓት ያቀልጠዋል።» ሁሉም «ልክ ነው» አለ።

ከምሳ ስንመለስ ጠረጴዛው ላይ ያለው ውኃ ሆኗል። ጃኬቱ ሲከፈት በረዶው እንዳለ ድንጋይ ነው።

«ጠረጴዛው እንኳ አቀለጠ» አለ አየለ፣ በሐዘን። «ይሄ ጃኬት ይበርዳል። ትሞቻለሽ።»

ሌላው ቢል ምንም አይደል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት በረዶ የያዝኩ ሴትዮ አብሬ አንገቴን ነቀነቅኩ። ጃኬቱን አንስቼ ታደሰ ዘንድ ልመልስ ሄድኩ። ነገሩን ሰማና «እህቴ፣ የገዛሽው አንቺ ልትለብሺው ነው ወይስ ለበረዶው ልታለብሺው?» አለኝ። ገንዘቡን አልመልስም አለ። ተናድጄ ተመለስኩ።

ለጉዞ ሳምንት ሲቀር ኃላፊያችን ቢሯቸው አስጠሩኝ። «ጽጌ፣ አንቺ ገና ወጣት ነሽ፣ ብዙ ዕድል ይመጣልሻል» አሉኝ። ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሥልጠናው «ከአመራር ደረጃ አንጻር ሲታይ» እሳቸውን እንደሚመለከት አስረዱኝ። ደሜ ፈላ። ግን ምን እላለሁ? «እሺ» አልኩ። ከበሩ ሳልወጣ «ያ ጃኬት ግን አለ አይደል?» አሉኝ።

እዚህ ላይ አየለን አመሰግናለሁ። ቢሮው ውስጥ ነበርና ቀደም ብሎ «ጌታዬ፣ እሱስ ይቅርብዎ፤ በረዶ ማቅለጥ አቅቶታል» አላቸው። ኃላፊያችን ከሐዋሳ ጥቁር የቆዳ ካፖርት አስመጥተው፣ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት ሞቆ እጅ እንደሚያቃጥል አረጋግጠው ሄዱ።

እሳቸው አውሮፕላን ሲሳፈሩ እኔ ካንጋተን ተላክሁ። ጃኬቱን ትራስ ይሆነኛል ብዬ ይዤዋለሁ። ሾፌሩ አይቶ ሣቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ያ አገር ጥላ ውስጥ ቆመውም ላብ የሚያጠምቅ ነው።

ደረቅ ወንዝ ስንሻገር መኪናው ነጠረና የመኪና ማንሻው ክሪክ ከላይ ወድቆ የክትባት ሳጥኑን ክዳን ለሁለት ሰነጠቀው። ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበርን። ከስንጥቁ ቀዝቃዛው አየር ሲወጣ እጄ ላይ ይሰማኛል። የሳጥኑ ቴርሞሜትር ስምንት ዲግሪ ካለፈ ክትባቱ ውኃ ነው። መመለስም ያው ነው፣ እስክንደርስ ይሞቃል። በነጋታው ሰው ፍየሉን እየነዳ ሊሰበሰብ ነው። ከሰዎቹ መካከል እኒያ ሽማግሌ አሉ።

አለቀስኩ። ሾፌሩ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረልኝ። እንባዬን ልጠርግ ጃኬቱን ሳነሳው ያ ጠረጴዛው ላይ ውኃ የሆነውና ጃኬቱ ውስጥ ያልቀለጠው በረዶ ትዝ አለኝ። «አቁም!» አልኩት። ሳጥኑን ጃኬቱ ውስጥ ከተትኩ፣ ዚፑን እስከ ላይ ዘጋሁ፣ እጅጌዎቹን አሥሬ እንደ ሕፃን ታቅፌው ተቀመጥኩ። ደረቴ በላብ ራሰ።

ካንጋተን ስንደርስ ለመክፈት ፈራሁ። ቴርሞሜትሩ ስድስት ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ክትባቱን እዚያ ያለው ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርን።

በማግሥቱ ሳጥኑን ከነጃኬቱ ዛፍ ሥር አስቀምጬ መክተብ ጀመርኩ። ሽማግሌው መጡ። የተረፉላቸውንና የገዟቸውን ጥቂት ፍየሎች ነድተዋል። ወዲያው አላቀረቧቸውም። በአስተርጓሚው በኩል «ይህ ልብስ ለማነው?» አሉ። ለመድኃኒቱ ነው አልኩ። እጃቸውን በአንገትጌው በኩል አስገቡ። ብርዱ ሲነካቸው እጃቸውን ሳያወጡ ቆዩና ለአስተርጓሚው ረጅም ነገር ነገሩት።

«ሽማግሌው ይላል፣ ይህ አጥር ነው» አለኝ አስተርጓሚው ልጅ። «አጥር ፍየል አይወልድም። ጅብ አያስገባም፣ ፍየል አያስወጣም። በቃ ሥራው እሱ ነው ይላል።»

መሥሪያ ቤት ሙሉ የተማረ ሰው ጠረጴዛ ከብበን የሳትነውን፣ እሳቸው እጃቸውን አስገብተው ተረዱት። ሙቀቱ የጃኬቱ ሳይሆን የለባሹ ኖሯል። አፈርኩ፤ ግን ደስ አለኝ። ሽማግሌው ፍየሎቻቸውን አንድ በአንድ ይዘው አስከተቡ። ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ አንድም አልሞተባቸውም።

ኃላፊያችን በበኩላቸው የቆዳው ካፖርት ውስጥ በብርድ ደርቀው፣ የማይለቅ ሳል ይዘው ተመለሱ። ሰብስበውን ያገኙትን ልምድ አካፈሉን። እያሳሉ አንድ ሥዕል አሳዩን፤ በወፍራም ጨርቅ የተጠቀለለ የበረዶ ሳጥን ነው። «ኢንሱሌሽን ይባላል» አሉ። «ይህንን ምርጥ ተሞክሮ ወደኛ አካባቢ ማስፋት ይኖርብናል።» አየለ በጥንቃቄ ጻፈው።

ስህተቴ ጃኬቱን በሪፖርቴ ላይ መጥቀሴ ነው። ንብረት ክፍል አንብቦ መጣ። ለክትባት ሥራ የዋለ ዕቃ ነው ተብሎ የንብረት ገቢ ሞዴል ተቆረጠለት፤ ደረቱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈበት። የራሴ ነው ብል ደረሰኝ አምጪ አሉኝ። የቅዳሜ ገበያ ሰልቫጅ ምን ደረሰኝ አለው?

ዘንድሮ ያው ሥልጠና ተመልሶ መጣ። ኃላፊው ጡረታ ወጥተዋል፣ ዳግመኛ የወጣው ስሜ ሳይነካ ቆየ። ጃኬቴን ልውሰድ ብዬ ስጠይቅ «ለግል ጉዞ የመንግሥት ንብረት አይወጣም» ተባልኩ። አልተከራከርኩም። ቅዳሜ ማለዳ አራት የበረዶ ከረጢት በፌስታል ይዤ ታደሰ ዘንድ ሄድኩ።

«ዛሬ ደግሞ ከነበረዶሽ መጣሽ?» አለኝ።

ሦስት የላባ ጃኬት አስወጥቼ በየአንዳንዱ አንዳንድ ከረጢት ጠቀለልኩ፣ አራተኛውን መሬት ላይ ትቼ እስከ ምሳ ቁጭ አልኩ። ሰው ከቦ ይስቅብኛል። አየለም ሲያልፍ አየኝና ቆመ። ስከፍት መሬት ላይ ያለው ውኃ ነው፤ አንደኛው ጃኬት ውስጥ ያለውም ውኃ ሆኗል፣ የሁለተኛው ግማሹ ቀልጧል፣ የሦስተኛው ድንጋይ ነው። ሦስተኛውን አነሳሁ።

«ያላቀለጠውን?» አለ አየለ፣ እውነት አዝኖልኝ።

«ያላቀለጠውን» አልኩት።

የፊታችን ሳምንት እሄዳለሁ። የካንጋተኑ ሽማግሌ የነገሩኝን ነገር ሊያስተምሩኝ ባሕር ሊያሻግሩኝ ነው፤ አሁንም ለምን አልልም። ልሰናበታቸው ወርጄ የት እንደምሄድ ስነግራቸው አንድ መልእክት ሰጡኝ። በረዶ ከሰማይ በሚወርድበት አገር ፍየሎቹን ማን ያለብሳቸዋል፣ ይህን ጠይቀሽ ነይ አሉኝ። ሥልጠናው ላይ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው።