እጅ ከመሪ አይለቀቅም

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ፋብሪካ ስሠራ፣ እንደ ሁሉም ሰው የምመላለሰው በብስክሌት ነበር። ጣና ዳር ባለው ቤተ ክርስቲያን በር ስናልፍ መሪ ለቀን እናማትብና እርስ በርስ እንላተም ነበር።

ቀበሌው ሰብስቦ «እጅ ከመሪ አይለቀቅም» አለን፤ ትራፊክ ፖሊስም በሩ ላይ ቆመ። «መሳለም የፈለገ ወርዶ ይሳለም!» እያለ ያስወርደናል። ከሥራ ያስረፍደኝ ስለነበር በሆዴ ስረግመው ከረምሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እሱም ተራውን ጨርሶ በብስክሌት መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ወረደና ግራ ቀኙን አየ። መኪና አልነበረም፤ የፈራው ካድሬ ነው። በአንድ እጁ ቆቡን አውልቆ በሌላው ሊያማትብ ሲል ብስክሌቱ አዘነበለ።

የራሴን ብስክሌት ጥዬ ሮጬ መሪውን ያዝሁለት።