የጋሽ ቢሻው የበር መዝገብ

ጋሽ ቢሻውን የማያውቅ ሰው ካለ በእስራኤል በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ሠርቶ የማያውቅ ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ በጥበቃ፣ በዕብራይስጡ በሾሜርነት፣ ሠርተዋል። እኔ ማናዬ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ስቆርጥ ነው ያረጀሁት። በስድስት ዓመት ስለሚበልጡኝ አከብራቸዋለሁ፤ ያም ሆኖ አንጀቴን ያቃጠሉኝ ቀን ብዙ ነው። የምንኖረው አንድ ሕንፃ ላይ ነው፣ እሳቸው ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ። ቅዳሜ አብረን ጸሎት ቤት ሄደን፣ አብረን በልተን እንውላለን። እሑድ ጧት በሩ ላይ ስደርስ ግን ከዚያ በፊት አይተውኝ እንደማያውቁ ሆነው “ቦርሳህን ክፈት” ይሉኛል። አንድ ቀን፣ “ጋሽ ቢሻው፣ ትናንት ከአንድ ሳህን በላን እኮ!” ብላቸው፣ “ትናንት ሾሜር አልነበርኩም” ብለው ዳቦዬን አገላብጠው አዩት።

ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ይሁዲት ከምትኖርበት ከካርሜ ጋት ኮምፒውተር ይዛላቸው መጣች። ሐሳቧ ጎንደር ካለችው እህታቸው ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ እንዲያወሩ ነበር። እህታቸው አስናቁ ትባላለች። ቤተሰቡ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲወጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ያን ሰሞን አክስታቸው ዘንድ፣ ሌላ መንደር ሄዳ ነበር። ጉዞው ሚስጥር ስለነበር መልእክት ልኮ የሚያስጠራት አልተገኘም፤ ሳትሰማ በሌሊት ወጡ። አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ ኋላ ወደ ጎንደር ከተማ ወረደችና የእስራኤል መግቢያ ፈቃድ መጠበቅ ጀመረች። ስትጠብቅ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላት። ጋሽ ቢሻው ስለ ብዙ ነገር ያወራሉ፤ ስለዚያች ሌሊት ሲያወሩ ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ኮምፒውተሩ ገና በሳምንቱ ጠባዩን አሳየ። ይህ ይግባ ወይ፣ ያ ይከፈት ወይ፣ ይህን ያምኑታል ወይ እያለ በየሰዓቱ ይጠይቃል። ሌላ ሰው በዚህ ይማረራል። ጋሽ ቢሻው ግን ደስ አላቸው፤ የለመዱት ሥራ እቤታቸው ድረስ መጣላቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ወንበሩን ጠጋ አድርገው ይቀመጡና የመጣውን ሁሉ ቃል በቃል ያነባሉ።

መጀመሪያ ላይ የሚገባውን ከማይገባው የሚለዩት በሰላምታው ነበር። አንድ ቀን “ሻሎም፣ የተከበሩ ቢሻው፣ ጤናዎ እንዴት ነው?” የሚል ደብዳቤ ከአንድ ፋይል ጋር መጣ። ኮምፒውተሩ ላኪው እንደማይታወቅ አስጠነቀቃቸው። እሳቸው ግን ስሜን ጠርቶ ጤናዬን የጠየቀ ሰው እንዴት በር ላይ ይቆማል ብለው ከፈቱለት። ከዚያ ኮምፒውተሩ እንቢ አለ። የልጅ ልጆቻቸው ፎቶ በሙሉ ድራሹ ጠፋ። ባለሙያ ለማስተካከል አንድ ሳምንት ፈጀበት።

“አባ፣” አለቻቸው ይሁዲት ኮምፒውተሩን ስትመልስላቸው፣ “የማያውቁት ሲመጣ ‘ሎ’፣ አይሆንም፣ ይበሉት። አበቃ። ሰላም ቢልም፣ ባይልም።” የዘጠኝ ዘመድና ወዳጅ ስም ጽፋም ከስክሪኑ ሥር ለጠፈችላቸው።

ከዚያ በኋላ ያው የፋብሪካው በር ሆነ። ባለመስመር ደብተር ገዝተው እንደ በር መዝገብ አሰመሩት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የመጣው ማን፣ የያዘው ምን፣ ውሳኔ። ኮምፒውተሩ ራሱን ላድስ ብሎ ሲለምን እንኳ ስሙ ዝርዝሩ ላይ የለም ብለው አራት ጊዜ መልሰውታል። ሚስታቸው እመት አገርነሽ በዚህ ሲስቁባቸው ይውላሉ። “አንቱ፣ የገዛ ቤቱን መግቢያ ከለከሉት እኮ!” ይሏቸዋል። እኔም ስሄድ ደብተሩን ያሳዩኛል። “ተመለሰ፣ ተመለሰ፣ ተመለሰ” ይላል ከላይ እስከ ታች። እውነቱን ለመናገር ኮርቼባቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት አስናቁ ደወለች። እኔም እዚያው ነበርኩ። “ወንድም ጋሼ፣” አለች፣ “የጎረቤቴ የአቶ ጌታዬ ወንድም እዚያ በማህሼቭ፣ በኮምፒውተሩ፣ ደብዳቤ መጥቶለታል አሉ። ዘመዱን ወደዚያ ለሚጠራ ቤተሰብ ሁሉ ከመሥሪያ ቤቱ ተልኳል፤ በሠላሳ ቀን ያልመለሰ ፋይሉ ይዘጋል ይላሉ። ለርስዎ አልመጣም?”

“አልመጣም” አሉ ጋሽ ቢሻው። “ቢመጣ በኔ በር ነው የሚያልፈው። እንዲህ ያለ ትልቅ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ሰው ይደውላል፤ በአማርኛ ሰላም ብሎ ይነግረናል።”

ስልኩ ሲዘጋ እመት አገርነሽ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። አልሳቁም። “ያን መዝገብ ይመልከቱት እስቲ” አሉ።

ጋሽ ቢሻው ደብተሩን በጣታቸው እየተከተሉ ወደ ኋላ ገለጡ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ። ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። ቀርቤ አነበብኩት። “ከማይታወቅ ሚስራድ (መሥሪያ ቤት)። የያዘው፦ አንድ ፋይል። ስም አልጠራም፣ ሰላም አላለም፣ ቁጥር ብቻ። ውሳኔ፦ ተመለሰ፣ ታገደ።” ቀኑን ቆጠርን። ሃያ ስምንት ቀን ሆኖታል።

ሰውየውን በሕይወቴ እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ደብተሩን ሳይከድኑት ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣ “ማናዬ፣ ሁለተኛ ጊዜ ተውኳት” አሉኝ። ደንግጬም ነበር፤ ተናድጄም ነበር፣ በሳቸው ይሁን ሰላም ማለት በማያውቀው ደብዳቤ አላውቅም። የቻልኩት ይሁዲት ዘንድ መደወል ብቻ ነው።

ይሁዲት በማግስቱ ከሥራ አስፈቅዳ ጧት ደረሰች። እኔንም ጋሽ ቢሻው ጠርተውኝ ወርጃለሁ። “ያገዱት ሁሉ የሚጣልበት ቦታ አለ” አለች። “በሠላሳ ቀን ራሱን ያጸዳል። ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ነው።” ከፈተችው። የቅናሽ ማስታወቂያ፣ ‘ሎተሪ ደረሰዎ’ ባይ፣ የመድኃኒት ነጋዴ ታጭቆበታል። በነዚያ መካከል የሚስራዱ ደብዳቤ አለ። ከሥሩም ኋላ የላኩት ማስታወሻ አለ፣ ላኪው ስለታገደ ሳይታይ እዚያው የወደቀ። የፋይል ቁጥሩ የአስናቁ ነበር።

ይሁዲት ቁጥሩን ካላት ወረቀት ጋር አስተያየች፤ ከዚያ ሚስራዱ ዘንድ ደውላ ደብዳቤው የነሱ መሆኑን አረጋገጠች። ልትከፍተው ስትል ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ጠየቀ፦ ይህን ላኪ አያውቁትም፤ ያምኑታል? እጇን አነሳችና ወንበሩን ለቀቀችላቸው።

“አባ፣ ይህን እርስዎ ይንኩት።”

“አንቺ ንኪው። የኔ እጅ አይታመንም።”

“እኔ ነኝ የማያውቁትን ሁሉ ‘ሎ’ ይበሉ ያልኩዎት” አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። “የስልክ ቁጥር ሰጥቼዎት ‘ይጠይቁ’ ማለት ነበረብኝ። ደውለን ጠየቅን፣ አወቅነው። አሁን ይንኩት።”

ጋሽ ቢሻው መነጽራቸውን ጠረጉ። ጥያቄውን እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡት፤ ያን ጊዜም አንድ ቃል አላስቀሩም። ከዚያ “አዎ” የሚለውን ነኩ።

የሚሞላው ቅጽ፣ ቶፌሱ፣ ረጅም ነበር። የአባት ስም፣ የአያት፣ የእናት ወገን፣ የተወለደችበት መንደር። ጋሽ ቢሻው ሰባት ትውልድ ሳይተነፍሱ ቆጠሩላት፤ ቶፌሱ ግን ቦታ ያለው ለሦስት ነው። “ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋት መቼ ነው?” የሚለው ጋ ሲደርሱ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። እመት አገርነሽ ናቸው ዓመቱን የተናገሩት። ሁሉም ሞልቶ ሊላክ ሲል ጋሽ ቢሻው፣ “ሰላምታው የታለ?” አሉ።

“አባ፣ ለሰላምታ ቦታ የለውም።”

“እንዲሁ ዘው ተብሎ ሰው ቤት ይገባል?”

ይሁዲት ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። ተጨማሪ አስተያየት የሚል ባዶ ሳጥን አገኘችና እንደነገሯት ጻፈችላቸው፤ የሚያነበውን ሰው ጤንነት ጠየቁ፣ የቤተሰቡን ጠየቁ፣ ስለዘገዩም ይቅርታ ጠየቁ። ተላከ። ትንሽ ቆይቶ ማመልከቻዎ ደርሶናል የሚል መልስ መጣ። እሱም ሰላም አላለም። ጋሽ ቢሻው የሚስራዱን ስም ከዝርዝሩ ሥር አሥረኛ አድርገው ጻፉት።

አስናቁን ራሴ እነግራታለሁ ብለው ደወሉ። ደብዳቤው እንዳልመጣ እንዳይመስላት፣ መጥቶ እንደነበር፣ የመለሱትም እሳቸው መሆናቸውን አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ድምፃቸው ተቆራረጠ። “በር ላይ ቆሜ እኔው ነኝ የመለስኩሽ፣ እህቴ። ይቅር በይኝ” አሉ።

ስልኩ በድምፅ ማጉያ ስለነበር መልሷን ሁላችንም ሰማን።

“አሁን ከፈቱት አይደል?” አለች።

“ከፈትኩት።”

“እንግዲያው ምን ያስለቅሰዎታል?” አለች። “ሃያ ስድስት ዓመት ከበር በር ስሄድ፣ ተመለሺ ያለኝን ዘበኛና ጸሐፊ እግዜር ይቁጠረው። ይቅር በይኝ ያለኝ ግን እስከ ዛሬ አንድም አልነበረም፣ ወንድም ጋሼ። እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።”

ጋሽ ቢሻው ስልኩን ለሚስታቸው ሰጡና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረው ተቀመጡ። ደብተሩን ከፍተው፣ “ተመለሰ፣ ታገደ” የሚለውን ሳይሰርዙ ከአጠገቡ አንድ ቃል ጨመሩ። ከኋላቸው ቆሜ አነበብኩት፤ “ገባች” ይላል። ከሚስራዱ ግን ስለ መግቢያዋ እስከ ዛሬ ምንም ውሳኔ አልተሰማም።