የወንድሜ የጎን ፊት

ወንድሜ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ መንገድ ላይ እንደሞተ የነገረን አብሮት የተጓዘ ልጅ ነው፤ ከማላዊ ደውሎ። "ታሞ ነበር፤ እዚያው ጫካ ውስጥ ቀበርነው" አለ። ስልኩ ተቋረጠ። መልሰን ብንደውል የሚያነሳ ጠፋ።

እናቴ አላመነችም። እሷ በምትኖርበት ሁምቦ ያሉት ጎረቤቶቻችን ለለቅሶ ቢመጡ ከበር መለሰቻቸው። "ሬሳውን ያየ አለ? ልጄ ታስሮ ነው" አለች። ጠብታ እንባ አልወጣትም። ወር ሲያልፍ ግን ምግብ እየተወች መጣች። እኔ ሶዶ ማተሚያ ቤት ውስጥ ባነርና የሠርግ መጥሪያ እየሠራሁ ነው የምኖረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ዘንድ ስሄድ ወገቧን ሁለቴ ይዞራት የነበረው መቀነት ሦስቴ ሲዞራት አየሁ።

የነበረን ፎቶ አንድ ነው፤ ለመታወቂያ የተነሳው። አሳድጌ አትሜ ወሰድኩላት። አየችና መለሰችልኝ።

"ውሰጂው፤ ይሄ ለቀበሌ ያሳየው ፊት ነው" አለችኝ በወላይትኛ። "እኔ የማውቀው በጎኑ ነው።"

እውነቷን ነው። ወንድሜ በአህያ ጋሪ ውሃ ያመላልስ ነበር። ገበያ ሲወስዳት ከጎኑ ትቀመጣለች፤ እሱ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ያጫውታታል።

"በጎኑ አሳይሻለሁ" አልኳት። እንዴት እንደሆነ ሳላስብ።

ላፕቶፔ ላይ እንደ ጭቃ እየጠፈጠፉ ቅርጽ የሚያወጡበት ፕሮግራም ነበረኝ፤ ከቪዲዮ እያየሁ ነው የተማርኩት። ጭንቅላቱን ሠራሁ፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ከአባታችን የወረሰውን ሰፊ አገጭ። ከዚያ ፎቶውን እንደ ስስ ሻሽ በቅርጹ ፊት ጋርጄ በፕሮግራሙ ብሩሽ ማሸት ጀመርኩ። ብሩሹ ያለፈበት ሁሉ የፎቶው ቆዳ ወደ ቅርጹ ይሻገራል። ቅንድቡ መጣ። ከንፈሩ መጣ። ከፊት ለፊት ራሱ ነበር።

በጎኑ ሳዞረው ግን ፊቱ ተበላሸ። ካሜራው ያላየውን ፕሮግራሙ ከየት ያምጣው? የዓይኑ ጠርዝ ወደ ኋላ ተጎትቷል፤ ጉንጩ ዝናብ እንደመታው ቀለም ተዝረክርኳል። በጆሮው ቦታ ላይ ሰንበር ብቻ። አጠፋሁት፤ እንደገና ሞከርኩ። ከኢንተርኔት የሰው ጉንጭ አምጥቼ አለበስኩት፤ የማላውቀው ሰው ሆኖ አረፈው። መብራት ሲጠፋ የደከምኩበት አብሮ ይጠፋል። አንድ ቀን ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ "ጌታ ሆይ፣ አንዲት የጎን ፎቶ" ብዬ ለመንኩ። ለምንም ነገር እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም።

አብረውት ያደጉትን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ ስልኩን ሸጧል፤ አንዱ ፎቶዎቹን አጥፍቷል። በመጨረሻ በዴሳ ከተማ ያገባችው የአጎታችን ልጅ ትዝ አለችኝ፤ ወንድሜ ሠርጓ ላይ ሲያስተናግድ ነበር። በሚኒባስ ሄድኩ። የሠርጉን ቪዲዮ ከፍታልኝ አብረን አየን፤ እሱ የለም፣ የለም፣ የለም። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ከኋላቸው አንድ ሰው የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ አለፈ።

"አቁሚው!" ብዬ ጮህኩ።

"እሱ ነው እንዴ? ምንም አይታይም እኮ።"

"ጆሮው ይታያል።"

ከዚያች ደብዛዛ ምስል ጆሮውንና ጉንጩን ወደ ቅርጹ አሻገርኩ። ከመታወቂያው ፎቶ ጋር እስኪዋሃድ ድረስ ብዙ ቀን ፈጀብኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴን ከጎኔ አስቀምጬ ላፕቶፑን ከፈትኩና ቅርጹን ቀስ እያልኩ ወደ ጎን አዞርኩት። ደስ ሲላት ለማየት እሷን እሷን ነበር የማየው።

ጣቷን ዘርግታ ስክሪኑን ነካች።

"እሱ ነው" አለች። ቀጥላም፣ "ለምንድነው የማይተነፍሰው?"

"ቅርጽ ነው እማዬ፤ እኔ የሠራሁት..."

"ዓይኑን ክደኚለት።"

"አይከደንም እኮ እማዬ።"

"ክደኚለት አልኩሽ! የሞተ ሰው ዓይኑ ተገልጦ አይተውም።"

ተነስታ ወጣች። ደጅ ላይ ስትደርስ ጩኸቷን ለቀቀችው። ከበር የመለሰቻቸው ጎረቤቶች ከየቤታቸው እየሮጡ መጡ። እኔ ልጇን ላመጣላት ስደክም ሰንብቼ ሬሳውን አመጣሁላት።

ልከተላት ተነሳሁና ተውኩት። ተመልሼ ተቀመጥኩና የዓይኑን ቆብ ወደ ታች እየሳብኩ መቅረጽ ጀመርኩ። ዓይኑን ጨፍኖ የተነሳው ፎቶ አልነበረኝም፤ ከግንባሩ ላይ ቆዳ ቀድቼ አለበስኩት። ውጭ ስሙን እየጠሩ ያለቅሳሉ። በእንባ ስክሪኑ ሲደበዝዝብኝ በእጅጌዬ ዓይኔን እየጠረግሁ ጨረስኩ።

ከዚያ ወጥቼ ከእናቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ከደንሽለት?" አለችኝ።

"ከደንኩለት።"