በዱራሜ ስውር ደንበኛ ነበርኩ

«ያዋጣል ወይ?» አለችኝ።

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ እየጠጣን ነበር። ጠያቂዋ ዘንድሮ የተቀጠረች ልጅ እግር መምህርት ናት። ደመወዟ ከቤት ኪራይ አላልፍ ብሏት ስልኳ ላይ የትርፍ ሥራ ስትፈልግ ማስታወቂያ አግኝታለች። ደንበኛ መስለሽ ሱቅና ባንክ ትገቢያለሽ፣ እንዴት እንደተስተናገድሽ ቅጽ ሞልተሽ ትልኪያለሽ፣ ይከፈልሻል። እኔ አንድ ጊዜ እንደሠራሁት ደግሞ ከሰው ሰምታለች። «አያዋጣም!» አልኳት። ምን ያህል እንደጮህኩ ያወቅሁት ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው። ልጅቷ ደንግጣ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ምን አጠፋች? ምክንያቱን ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር አቃተኝ፤ አሁን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ሆሳዕና ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለቤቴ ግብርና ቢሮ ይሠራል። የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮ የወሩን አጋማሽ ቢያልፍ ነው። ትልቋ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት ደግሞ ጭራሽ መላ ቅጡ ጠፋን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ያን ሰሞን ነው ከአዲስ አበባ አንድ ድርጅት ስውር ደንበኛ እንደሚፈልግ የሰማሁት። ስልክ ደወልኩ። ያነሳው አስተባባሪ ወጣት ነው፤ እስከ መጨረሻው በአካል አይቼው አላውቅም፤ አነጋገሩ ግን እባብ ከጉድጓድ ያወጣል። «እትዬ፣ ከሻይ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው» አለኝ።

መጀመሪያ የላከኝ እዚሁ ሆሳዕና አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ነው። ሆሳዕና ውስጥ፣ ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው፣ ስውር! በሩን ገና ስገባ ጥበቃው «ቲቸር!» ብሎ ብድግ አለ። ገንዘብ ከፋዩ ዘጠነኛ ክፍል እያለ ስለ እንቁራሪት የልብ ክፍሎች ጠይቄው ላብ ያጠመቀው ልጅ ነው፤ ወንበር አመጣልኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ወረፋ አስዘለለኝ። ቅጹ «ሠራተኛው በፈገግታ ተቀብሎዎታል?» ይላል። እንዴት አይቀበለኝ! አስተባባሪው ሪፖርቱን ጣለው። «እርስዎን የማያውቅዎ ከተማ ይሂዱ» አለኝ።

ሄድኩ። አንድ ቅዳሜ ጃጁራ፣ አንድ ቅዳሜ ሌላ ቦታ። በክረምት፣ በጭቃ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሰው እላዬ ላይ ተቀምጦ። አንድ ጊዜ የሱቁ ታፔላ ፎቶ በጉም ደብዝዟል ብለው የቀኑን ልፋቴን ሙሉ ሰረዙት። ጉሙን እኔ ጠራሁት? የትራንስፖርቱን ይመልሳሉ፣ ግን የሚመልሱት ሲፈልጉ ነው። ስለ ገንዘቡ ከተጠየቅኩ እንግዲህ መልሱ ይኸው ነው፤ ለልጄ የደብተርና የሳሙና መግዣ ሆኗል፤ አልክድም። ከዚያ በላይ ግን የወደድኩት ሌላ ነገር ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላው እየመረመረኝ ነው የኖርኩት፤ ርዕሰ መምህሩ፣ ሱፐርቫይዘሩ፣ ወላጁ። ለአንዴ እንኳን እኔ መርማሪ ሆንኩ። አገልጋይ ሲያመናጭቀኝ በሆዴ «ቆይ፣ ታገኛታለህ» እላለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ባለቤቴ አይወደውም ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን አትዋሹ እያልሽ ታስተምሪያለሽ፤ ቅዳሜ ደግሞ የማትገዢውን ጫማ ልገዛ ነው ብለሽ ትለኪያለሽ» ይለኛል። ነደደኝ። «ጫማው ሥራ ነው! ቅጹ ላይ ግን አንዲት ቃል ዋሽቼ አላውቅም!» አልኩት። እውነቴን ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን በእውነተኛነት ነው የሚያውቁኝ፤ እኔም ይህንን አውቃለሁ፣ እኮራበታለሁም።

ዱራሜ የተላክሁት በመስከረም ነው። የባንኩን ስም አልጠራም። ሚኒባሱ አንጋጫ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ስለዘገየን ስደርስ ቅርንጫፉ በሰው ተጨናንቋል። አንዷ መስኮት ብቻ ናት የምትሠራው። እዚያ የተቀመጠችው ልጅ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች። ስልኬን አውጥቼ የገባሁበትን ደቂቃ መዘገብኩ፤ ስሟን ከደረቷ ባጅ ላይ አንብቤ መዘገብኩ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ተራዬ ደረሰ። «እንደምን ዋሉ፣ ምን ልርዳዎት?» አለች። እኔም እንደታዘዝኩት «ያሏችሁን የቁጠባ ሒሳብ ዓይነቶች በዝርዝር ቢያስረዱኝ» አልኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗን ትንሽ አቆየችብኝና ማስረዳት ጀመረች። ጎበዝ ናት። ደስ የሚል አነጋገር አላት።

መሀል ላይ በሩ ተከፈተና አንዲት አሮጊት ገቡ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ ፊታቸው በልቅሶ አባብጧል፤ ባዶ እግራቸው ጭቃ ነው። ከገጠር በእግር እንደመጡ ያስታውቃል። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ወዲያው መንሾካሾክ ጀመረ። ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ተገድሎ መርዶው የደረሳቸው ትናንት ነው፤ እሱ ልኮላቸው ካስቀመጡት ለድንኳኑና ለለቀስተኛው ሊያወጡ ነው የመጡት። ሴትዮዋ ሁለት እርምጃ ሄዱና ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

በእኛ አገር፣ ሐዲያም ሁን ከምባታ፣ ሐዘንተኛ ወረፋ አይጠብቅም። ይህን የሚነግርህ የለም፣ ታውቀዋለህ። ውሃ ቦቴ ላይም ቢሆን፣ ወፍጮ ቤትም ቢሆን፣ ሐዘን የለበሰ ሰው ሲመጣ ሰልፉ ራሱ ይከፈታል። ልጅቷ ንግግሯን አቋርጣ ተነሳች። ወደ ሴትዮዋ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች። «እትዬ…» ብቻ አለች። ተራው የእኔ ነዋ። «ኧረ ይለፉ፣ ይለፉ! ሐዘንተኛ ይቆማል እንዴ?» አልኳት፤ በከምባትኛ ነው ያልኳት፤ እናቴ የከምባታ ልጅ ናት። ልጅቷ ፊቷ በራ። በጎን በኩል ባለው በር ዞራ ወጣች፣ አሮጊቷን ከወለሉ ላይ ደግፋ አነሳች፣ እኔ የለቀቅኩት ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ቅጹን ሞላችላቸው፣ አውራ ጣታቸውን ይዛ አስፈረመቻቸው፣ በራሳቸው ቋንቋ ቀስ ብላ አጽናናቻቸው። ገንዘቡን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥራ ሰጠቻቸውና እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ከሰልፉ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም «ተባረኪ» አሏት። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ቅጹን ከፈትኩ።

ተራ ተጠብቋል? ሠራተኛዋ ደንበኛ እያስተናገደች የሥራ ቦታዋን ለቃ ሄዳለች? የሥራ ቋንቋ ብቻ ተጠቅማለች? አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ተጠናቋል? መልሱ ሁለት ብቻ ነው፤ አዎ ወይም አይደለም። አስተያየት መጻፊያ ቦታ የለውም። ጣቴ ስልኩ ላይ ቆሞ ትንሽ እንዳመነታሁ አስታውሳለሁ። ተራ ተጠብቋል ብል ውሸት ነው። አልተነሳችም ብል ውሸት ነው። እኔ ደግሞ ለአንዲት ልጅ አዝኜ፣ በገንዘብ በተቀበልኩት ሥራ ላይ፣ በጌታ ፊት ልዋሽ? አልዋሸሁም። እንደሆነው እንደሆነው ነካሁና ላክሁ። እንዲያውም ልቤ ሙሉ ነበር፤ ለዚያች ልጅ አድልቶ መሙላት እየቀለለኝ እውነቱን መረጥኩ ብዬ። እንዲህ ያለ ጅልነት ከየት ይመጣል? ተራዬን በገዛ አፌ የለቀቅኩት እኔ፣ «ይለፉ» ያልኩት እኔ፣ ተራ አላስጠበቀችም ብዬ የከሰስኳት እኔ!

ከአንድ ወር በኋላ አስተባባሪው ደወለ። ድምፁ ሳቅ ሳቅ ይላል። «እትዬ፣ የዱራሜው ሪፖርትዎ ምርጥ ነበር! ደንበኛችን ባንኩ ወዲያው እርምጃ ወስዶበታል። ዳምቦያ ሌላ ሥራ አለ፣ ልያዝልዎት?»

«ምን ዓይነት እርምጃ?»

«የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም ነበር። አሰናበቷት።»

«ሴትዮዋ እኮ ሐዘንተኛ ናቸው! ልጅ ሞቶባቸው ነው! ተራውን የለቀቅኩት እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ይህን ቅጹ ላይ ለምን አልገለጹም?»

«የት ላይ ልግለጸው? ቦታ አለው?»

«እንግዲያው ‹ተጠብቋል› ብለው ይለፉት ነበራ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለኝ፤ እንደ ቀላል ነገር። ደብዳቤ ልጻፍ፣ ልመስክር፣ ራሴ አዲስ አበባ ልምጣ አልኩት። ፋይሉ ተዘግቷል አለኝ። ስልኩን እላዩ ላይ ዘጋሁበት፤ ከዚያ በኋላም አላነሳሁለትም። ለባለቤቴ ስነግረው «ብዬሽ ነበር» ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለም። «ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያት እንጂ» ብቻ አለ፣ ኮቱን አንስቶ ወጣ።

ለመሄድ ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ። ፈሪ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን የጸሎት ርዕስ ያለው ይናገር ሲባል አንገቴን እደፋለሁ፤ ለማን ምን ብዬ ልንገር? የሰው እንጀራ በእውነት ዘጋሁ ይባላል? በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ዱራሜ ወረድኩ። የባንኩ ጥበቃ ስሟን ስጠራለት ፊቱን አጠቆረና መናኸሪያው ፊት ለፊት ጥላ ዘርግታ ሲም ካርድ እንደምትሸጥ ነገረኝ።

አገኘኋት። ከስታለች። ገና ሳልናገር አወቀችኝ፤ ተነሳችና የተቀመጠችበትን ዱካ ሰጠችኝ። አልቀመጥም ብል አልሰማችኝም። ተቀመጥኩ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «የኔ ልጅ፣ ያን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት። እንዲሁ ወጣ።

«አውቃለሁ» አለች።

አባቷ ኩላሊቱን ታሞ ከተኛ ቆይቷል። ከቤቱ ደመወዝ ያየች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ ወደ ደቡብ አፍሪካ ልሂድ እያለ ሲያስቸግራቸው፣ «እኔ እያለሁ አትሄድም፣ አስተምርሃለሁ» ብላ ይዛው ኖራለች። ሥራዋን ስታጣ የሚይዘው ጠፋ። ደላላ አግኝቶ ከሄደ አምስት ሳምንቱ ነው። ሞያሌ ደርሻለሁ ብሎ አንድ ጊዜ ደውሏል፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ይህን ሁሉ የምትነግረኝ ለመውቀስ አይደለም፤ ስለጠየቅኳት ነው። መሀል ላይ አንድ ሰው ካርድ ሊገዛ መጣ፤ ሸጠችለትና ተመለሰች።

የኋላ ኋላ እንዴት እንዳወቀችኝ ጠየቅኳት። ሪፖርቱን ማን አሳያት?

«ማንም አላሳየኝም። ያን ቀን ራሱ አውቄዎት ነበር እኮ» አለች። «ማኔጀሩ ሰላይ እንደሚመጣ ነግሮናል። ዱራሜ ውስጥ የቁጠባ ዓይነቶችን በዝርዝር አስረጂኝ ብሎ የሚመጣ ማን አለ? ገና እንደጠየቁኝ ነው ያወቅሁት።»

«አውቀሽ ነው የተነሳሽው?»

«እማማን ምን ላድርጋቸው?» አለች። «ፈርቼ ነበር። ወደ እርስዎ ያየሁትም ለዚያ ነው። ‹ይለፉ› ሲሉኝ፣ ያውም በእኛ ቋንቋ፣ በጣም ደስ አለኝ። የኛው ሰው ናት፣ ገብቷታል አልኩ።» ሲም ካርዶቹን አስተካክላ ደረደረች። ወደ እኔ አላየችም። «ያን ዕለት እቤት ስንጸልይ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴም ባረከችዎት። ስምዎን ስለማናውቅ ‹ያቺን ሴት› እያለች።»