ዓመት የማያልፍበት ኮምፒውተር

በሱዳን፣ ኮስቲ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ክሊኒክ ውስጥ የራጅ ክፍሉ ኮምፒውተር ሁልጊዜ 2009 ነበር። ውጭ መንግሥት ይገለበጣል፣ ዳቦ ይወደዳል፣ ጦርነት ይገባል፤ እሱ ግን በፈረንጆቹ 2009 ላይ እንደተቸከለ ነው። የቸከለው ሙዘሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ራጁን የሚያስነሳው ፕሮግራም ፈቃዱ የተገዛው እስከ 2009 መጨረሻ ነው። ለማሳደስ ገንዘቡ ተገኘ፤ ሻጩ ግን ማዕቀብ አለ ብሎ ከሱዳን ገንዘብ አልቀበልም አለ። ማሽኑ ጤነኛ፣ በሽተኛው በር ላይ ተደርድሯል፣ ሊያልቅ የደረሰው ቀኑ ብቻ ነው። ያኔ ሙዘሚል ተጠራና የኮምፒውተሩን ቀን አንድ ዓመት ወደ ኋላ መለሰው። ከዚያ ወዲህ የፈረንጆቹ ዓመት በሚያልቅበት ዕለት ከሰዓት በኋላ መፍቻዎቹን በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ ቀኑን ይመልሳል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ፕሮግራሙ አንዴ 2010ን ካየ ራሱን እስከ ወዲያኛው እንደሚቆልፍ ያውቃል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት አራቀው፤ ከውጭ ሰዓት የሚጠይቀውንም የዊንዶውስ ክፍል ነቅሎ ጣለው። የራጅ ባለሙያዋ ኢኽላስ ደግሞ በየፊልሙ ጥግ የታተመውን 2009 በእስክሪብቶ ሰርዛ እውነተኛውን ቀን ትጽፋለች። እንዲህ ሆኖ አስራ ስድስት ዓመት ተሠራ። ከመለመዱ ብዛት፣ ውሸት መሆኑ ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም።

ሙዘሚል በወጣትነቱ የባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር። ቴሌግራፉ ሲዘጋ ሌሎቹ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ተሰደዱ፤ እሱ ከአንድ ጨረታ ሁለት የተሰበሩ ኮምፒውተሮች ገዝቶ ከሁለቱ አንድ ጤነኛ አወጣ። ይኸው ሥራው ሆነ። ሱቁ አንድ በር ናት፤ ከልብስ ሰፊው ከሐሰቦ ሱቅ የሚለያት ሳሳ ያለ ጣውላ ብቻ ነው። የሐሰቦ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ቀኑን ሙሉ ዝም አይልም፤ ሙዘሚል ያን የፔዳል ድምፅ ካልሰማ እጁ ሥራ አይይዝለትም ነበር።

ሐሰቦ ጠዋት ጠዋት ሲያገኘው፣ “ሬሳ አጣቢው መጣ። ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስነሳ ነው?” ይለዋል።

“እኔ ካጠብኩ አንተ ከፈኑን ትሰፋለህ። ሁለታችንም ከአንድ ቤት ነው የምንበላው፣ አንተ ሰው፣ አንተ ዞል።”

ሠላሳ ዓመት እንዲህ እየተሰዳደቡ ሻያቸውን አብረው ጠጡ። ሙዘሚል ልጅ አልወለደም፤ ሚስቱም ከሞተች ቆይታለች። ከሐሰቦ ሌላ ሰው አልነበረውም ቢባል ማጋነን አይደለም።

አንድ ክፉ ኩራት ግን ነበረው። ከእጁ ሞቶ የወጣ ኮምፒውተር የለም፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገራል። የድሮውን ዊንዶውስ አምራቹ ከተወው ቆይቷል፤ ነገር ግን በየአገሩ እንደ ሙዘሚል ያሉ ግትሮች አሉ። አንዱ ሩሲያ፣ አንዱ ብራዚል ተቀምጦ፣ ማንም ሳይለምነው ለአሮጌው ሥርዓት አፕዴት እየቀጣጠለ ይለቃል። ፊርማ የለው፣ ዋስትና የለው፣ ቢበላሽ የሚጠየቅ ባለቤት የለው። ሙዘሚል እነዚህን በሲዲ እየሰበሰበ፣ በሲዲው ላይ በአረብኛ ጽሑፍ ምን እንደሚያድንና ምን እንደሚያበላሽ ይመዘግብ ነበር።

ጦርነቱ መጣና የራጅ ፊልም ከከተማው ጠፋ። የአጥንት ሐኪሙም ቤተሰቡን ይዞ ፖርት ሱዳን ገባ። ኢኽላስ ዘዴ ፈጠረች፤ ራጁን ታነሳና የኮምፒውተሩን መስኮት በስልኳ ፎቶ አንስታ ለሐኪሙ ትልካለች። መስኮቱ አርጅቶ ደብዝዟል። አንድ ቀን ሐኪሙ፣ “እህቴ፣ ይህ ራጅ ነው ወይስ የክረምት ደመና?” ብሎ ጻፈላት። እሷ ለመሳቅ ብላ ለሙዘሚል አሳየችው። ሰውየው ግን አልሳቀም፤ በገዛ ማሽኑ የተሰደበ መሰለው።

“ምስሉን ራሱ ኮምፒውተሩ እንዲልከው አደርጋለሁ” አለ።

“አሚ ሙዘሚል፣ እየተግባባን እኮ ነው። ተዉት ይቅር” አለችው። በዕድሜ አባቷ ይሆናል፤ “አሚ”፣ አጎቴ፣ እያለች ነው የምትጠራው።

አልተወውም። ክሊኒኩ በሳተላይት የሚሠራ ኢንተርኔት ነበረው፤ አሮጌው ዊንዶውስ ግን ኢንተርኔቱን የምትቀበለውን ትንሽ መሣሪያ አላውቃትም አለ። እሷን እንዲያውቅ ያ ባለቤት አልባ አፕዴት ያስፈልገዋል። ሙዘሚል መጀመሪያ በሱቁ በነበረ፣ ከራጁ ኮምፒውተር ጋር አንድ ዓይነት በሆነ ኮምፒውተር ላይ ሞከረው። አፕዴቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ መስኮቱ ሰማያዊ ሆኖ ይጠፋል። እንደገና ከባዶ ጫነ፤ እንደገና ጠፋ። አፕዴቱ ከተቀጣጠለባቸው መቶ ሃያ ከሚሆኑ ቁርጥራጮች ግማሹን ለይቶ ጫነ፣ ሠራ፤ ከቀረው ግማሽ ደግሞ ግማሹን፣ ጠፋ። እንዲህ እያጋመሰ፣ በዘጠነኛው ቀን ጥፋተኛዋን ቁራጭ አገኛት። እሷን አውጥቶ የቀረውን ሲጭን ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ተነሳ። ጣውላውን ደበደበ።

“ተነሳ!”

“እንግዲያ ከፈኔን መልስልኝ” አለ ሐሰቦ ከወዲያ፣ ፔዳሉን ሳያቆም።

ሙዘሚል ያላየው አንድ ነገር ነበር። የሱቁ ኮምፒውተር ቀኑ ትክክለኛ ነው፤ የራጁም ፕሮግራም የለበትም። ዘጠኝ ቀን ሁሉንም ነገር ሞክሮ፣ 2009ን አልሞከረም።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ ሄዶ አፕዴቱን ጫነ። አልጠፋም፣ አልተንገራገረም። ራጁ እንደ ወትሮው ይነሳል፤ የቀረው መሣሪያዋን ሰክቶ ማገናኘት ብቻ ነበር። በዚያ ሰዓት ከወንዙ በኩል ፍንዳታ ተሰማ። ሰው አልባ አውሮፕላን የነዳጅ ማከማቻውን መትቶት ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቁስለኛ በአህያ ጋሪ መምጣት ጀመረ። በሦስተኛው ጋሪ ላይ ሐሰቦ አለ። ክርና ቁልፍ ሊገዛ ወጥቶ፣ ብረት ቀኝ ጭኑ ውስጥ ገብቶበታል።

ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሙዘሚልን ሲያይ ግን ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

“ሬሳ አጣቢው ቀድሞኝ ደርሷል እንዴ? ገና ነኝ፣ ሂድ ከዚህ።”

ሙዘሚል ወደ ጋሪው ተጠጋ። እጁን ያዘው፤ ቀዝቅዟል።

ኢኽላስ ሐሰቦን ከማሽኑ ሥር እያስተኛች፣ “አሚ ሙዘሚል፣ ገለል ይበሉልኝ። ከፊትም ከጎንም አንስቼ እንደ ልማዴ በስልኬ ልላከው። ብረት ነው፣ በደመናም ውስጥ ቢሆን ይታያል” አለች።

“የለም፣ ማሽኑ ደርሷል። ለሐሰቦ ደመና አልክም።” መሣሪያዋን ሰካ። “መጀመሪያ አንዷን አንሺ። መሄዷን እንሞክርና ሁለተኛዋን ታነሻለሽ።”

ኢኽላስ አመነታች። አንድን አካል ሁልጊዜ ከሁለት ጎን ማንሳት የሙያዋ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ከፊት የተነሳ ራጅ ብረቱ ምን ያህል እንደጠለቀ አይናገርም። ሙዘሚል ደግሞ ዕድሜ ልኩን አንዱን ሞክሮ ነው ወደ ሁለተኛው የሚያልፈው፤ ለኮምፒውተር ጠጋኝ ይህ ጥንቃቄ ነው። አስራ ስድስት ዓመት ያን ማሽን ያኖረላት ሰው ስለሆነ እሺ አለችው።

ከፊት አነሳች። ምስሉ ደቂቃ ሳይሞላ ፖርት ሱዳን ደረሰ። የሐኪሙ ድምፅ በስልኳ መጣ።

“ይኸው ነው ራጅ! ብረቱ ከአጥንቱ በውስጥ በኩል ነው። ከትልቁ የደም ሥር ፊት ይሁን ኋላ ግን ከዚህ አይታወቅም። የጎኑን ቶሎ ላኪልኝ። ያን ሳታዩ ቢላ እንዳታስነኩት።”

ሙዘሚል ተነፈሰ። ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ሐኪሙ ያመሰገነው እሱን ነውና። ዓይኑን ወደ መስኮቱ ጥግ ጣል ሲያደርግ 2025 ይላል፤ ወሩም፣ ዕለቱም፣ ሰዓቱም ልክ ነው።

“ቀኑም ተስተካክሏል እኮ” አለ።

“እንግዲህ እስክሪብቶዬን ልጥለው በሉኛ” አለች ኢኽላስ፣ ሐሰቦን በጎኑ እያዞረች።

ይህን ተባብለው ፈገግ አሉ። ልክ የሆነ ነገር አይቶ የማይደሰት ማን አለ? ሙዘሚል ነገሩ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። አፕዴቱ ከጥንት የተነቀለውን ሁሉ ወደ ቦታው የሚመልስ ነበር፤ ሰዓት ጠያቂውንም መልሶታል። የተነሳችውን ምስል ለመላክ መስመር ሲያገኝ ቀኑን ጠየቀ፣ 2025 መሆኑ ተነገረው።

“አትንኪው!”

የማንሻውን ቁልፍ ነክታዋለች። ማሽኑ አልተነሳም። በመስኮቱ ላይ፣ ፈቃዱ ስላለቀ ፕሮግራሙ ተቆልፏል የሚል አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ሙዘሚል መሣሪያዋን ነቀለ፣ ቀኑን ወደ 2009 መለሰ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሳ። ያው መስመር። አፕዴቱን አወጣ። ያው መስመር። አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ጻፈ። ሌላ ራጅ በከተማው የለም፤ መንገዱም ተዘግቷል።

አርባ ደቂቃ አለፈ። የክሊኒኩ ወጣት ሐኪም ሙርተዳ ገብቶ የሐሰቦን እግር ዳሰሰ፤ ከጉልበቱ በታች እየቀዘቀዘ ነው።

“አሚ፣ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም?”

“ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።”

“ጊዜ የሚሰጠው እኔ አይደለሁም” አለና አልጋውን ገፍቶ ወሰደው።

ብረቱ ከፊት መስሎት ከፊት ከፈተ። ብረቱ ከኋላ ነበር። ሲፈልገው የደም ሥሩ ተቀደደ፤ የሐሰቦ ቀኝ እግር ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ሳይደርስ፣ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ሙዘሚል ይህን ሁሉ የሰማው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ነው። ማታ ላይ ኢኽላስ መጥታ መብራቱን አጠፋችበት።

ሐሰቦ በሦስተኛው ወር ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሙዘሚል በነዚያ ወራት በየቀኑ ሾርባ እያደረሰ፣ መናገር የፈለገውን ሳይናገር ይመለስ ነበር። ያን ዕለት ሻይ ይዞ ገባ። ሐሰቦ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ኢኽላስ የላከችለትን የጭኑን የራጅ ምስል በስልኩ እያየ ነበር።

“ና እይ። ጥጉ ላይ ምን ይላል?”

“2009” አለ ሙዘሚል።

“ልክ ነው ማሽንህ። ያኔ ሁለት እግር ነበረኝ።”

ሙዘሚል ሻዩን መርፌዎቹ አጠገብ አስቀመጠ። “ሐሰቦ፣ እሷ ሁለቱንም ልታነሳ ነበር። አንዷን ብቻ አንሺ ያልኳት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ። አጠገባችሁ ተኝቼ አልነበር እንዴ? የተቆረጠው እግሬ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም።”

ሐሰቦ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስገባና ግራ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ። ሙዘሚል ወደ ሱቁ ሄዶ ተቀመጠ። በጣውላው በኩል የፔዳሉ ድምፅ መጣ፤ ጥቂት ሄደ፣ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ።