ለአንድ ዓመት ተራዝሟል

በመሥሪያ ቤታችን እትዬ ሰልፍ ነበር የምንላቸው። ስሙ የወጣላቸው ከሥራቸው ነው። በውሃ ድርጅታችን ምድር ቤት፣ ክረምት ከበጋ በሚቀዘቅዝ ክፍል ውስጥ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል አሮጌ ሜንፍሬም ኮምፒውተር አለ። የሦስት ሺህ ሠራተኛ መዝገብ እዚያ ውስጥ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ መስመር። እሳቸው ሶርት በሚባል ፕሮግራም መስመሮቹን በየመምሪያቸው ያሰልፏቸዋል። ከዚያም በእያንዳንዱ መስመር ጫፍ ላይ ለባለቤቱ የሚገባውን ዓረፍተ ነገር ይቀጥሉበታል። ኮዱ አንድ ለሆነው «የደረጃ ዕድገት አግኝተዋል»፣ ሁለት ለሆነው «በነበሩበት ይቀጥላሉ»። ሦስት ማለት ጡረታው ደርሶ አለቃ ያልለቀቀው ሰው ነው፤ ለሱ «አገልግሎትዎ ለአንድ ዓመት ተራዝሟል» ይቀጠልለታል።

እኔ እዚያው አጠገባቸው ማተሚያውን የምይዝ፣ ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታ ውስጥ የምከት ሰው ነኝ። የድርጅቱን ወሬ ሁሉ ከባለቤቱ በፊት የማነበው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ሥራቸው ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ግን ዓረፍተ ነገሩ በየዓመቱ ስለሚለወጥ የፕሮግራሙ ትእዛዝ ውስጥ ገብቶ በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል። ሁሉም ነገር የተለካ ስፋት አለው። አንዲት ፊደል ብትተርፍ ከሷ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የቀጣዩን ሰው መስመር ጭምር ትገፋዋለች። አንድ ጊዜ እትዬ ፈቃድ ወጥተው ሳለ አለቃችን «ይሄ ምን ያቅታል?» ብሎ ሌላ ሰው አስነካው። ጉድ ፈላ። ስም ወደ አድራሻ፣ የሥራ ቦታ ወደ ስም ተንሸራቶ፣ ለአንድ ሹፌር «ውድ ጋራዥ ሆይ» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ሰውዬው እስከ ዛሬ ጋራዥ ነው የሚባለው። እትዬን ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ከእህታቸው ቤት በስልክ ጠርተው አመጧቸው። ከዚያ ወዲህ ለሳቸው ፈቃድ ማለት ቅዳሜና እሁድ ሆነ።

እህታቸው ታላቃቸው ናቸው። እናታቸው ቶሎ ስላረፉ ያሳደጓቸው እኚህ እህት ናቸው፤ አሁን በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ርቀው ብቻቸውን ይኖራሉ። ዓይናቸው ከዓመት ዓመት እየደከመ መጣ። ዘንድሮ ሐኪሙ «ከዚህ ዓመት አያልፍም» ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ስልክ ሲደውሉ ድምፃቸው እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

«እንዴት ዋልሽ፣ እታለም?» ይላሉ እትዬ።

«ምን እውላለሁ? ትናንት የጎረቤቴን ልጅ አንቺ መስላኝ አገላብጬ ሳምኳት። ነይ እንጂ! ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፣ ፊትሽን አንዴ ልየውና የመጣው ይምጣ።»

«መልቀቂያዬ ይድረስና ወዲያው ነው የምመጣው።»

ስድሳ ሲሞላቸው ተራዘመ። በዓመቱ እንደገና ተራዘመ። ያንን ቃል በገዛ እጃቸው ጽፈው በገዛ መስመራቸው ጫፍ የቀጠሉት እሳቸው፣ አጥፌ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ጥለው እንዳይሄዱ ያለ መልቀቂያ ጡረታ የለም፤ ሁለት አሮጊቶች ምን ሊበሉ ነው?

አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ዘግተው ግድግዳ ግድግዳውን ሲያዩ ትዕግሥቴ አለቀ።

«እትዬ፣ ይሄን ቃል ሌላ ሰው መጻፍ አይችልም ወይ? የማሽኑን ሆድ ዕቃ ሳይነካ?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ይችላል» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ይሆነዋል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ትእዛዙ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን መጻፍ ቀርቶ ባዶ ቦታ ይተውለታል። ሥራው ሲጀመር ማንም ሰው ቃሉን ከውጭ ይሰጠዋል፤ ሶርት ተቀብሎ በየመስመሩ ይቀጥላል፣ የጎደለውን ስፋት ራሱ በባዶ ቦታ ይሞላል። የሚገፋ ፊደል የለም።

«ታዲያ ምን ነካዎት?»

«ፈራኋ! ያኔ አዲሶቹ አለቆች ሲመጡ ‹ማሽኑም አርጅቷል፣ ሴትዮዋም አርጅታለች› ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ስለዚህ ያለኔ ንቅንቅ እንዳይል አድርጌ ያዝኩት። ደግሞ ምን ልዋሽህ፣ አለቃው ሲያየኝ ከወንበሩ ብድግ ሲልልኝ ደስ ይለኝ ነበር። በሩን ከውስጥ የቆለፍኩት እኔው ነኝ፣ ወንድሜ።»

ተናደድኩባቸው። ኋላ ግን ያንን መነጽር ደጋግመው ሲጠርጉ ሳይ አንጀቴን በሉት። እኔስ ብሆን ያለኔ አይሆንም የሚለኝ ባገኝ መች እጠላለሁ?

በመጨረሻ እትዬ ትእዛዙን ሊያስተካክሉ ተነሡ፤ በሁለት ሳምንት ጨረሱት። ለሙከራ ቃሉን ከውጭ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «ዛሬ ምሳ ምንድነው?» ብዬ። ሦስት ሺህ ሠራተኛ በየተራው ምሳ ጠየቀ፣ አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ። እትዬ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

አለቃችን ወርዶ አየ። በአፌ እርስዎ ብለውም በልቤ አንቱ ብዬው አላውቅም።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ወርቅ ነዎት!»

«እንግዲያው ይልቀቁኝ። የእህቴ ዓይን ሳይጠፋ ልድረስ።»

«እናያለን፣ እናያለን» ብሎ ወጣ። ላም አለኝ በሰማይ!

ደብዳቤው በሚታተምበት ሰኞ ወደ ቢሮው ጠርቶ ወረቀት ሰጠኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ቃሉን የምታስገባው አንተ ነህ» አለኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስተኛው ያው ነው፤ ለአንድ ዓመት ተራዝሟል። ዘንድሮ ኮድ ሦስት ላይ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«አሁን እኮ ሥራው ያለሳቸው ይሄዳል» አልኩት።

«ሌሎች አሥር ሥራዎች አሉ፣ እነሱንም እንደዚህ ያድርጉልን።»

«እህታቸውስ?»

«ሁላችንም እህት አለን» አለኝና ስልኩን አነሳ።

ወረቀቱን እትዬ አዩት። አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። «ጻፈው ወንድሜ፣ በኔ የተነሳ ከሥራህ እንዳትባረር» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። አንደኛውን ጻፍኩ፣ ሁለተኛውን ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ እጄ እምቢ አለኝ። ወረቀት ከማጠፍ ሌላ የማላውቅ ሰው ያን ቀን የሰው ዕድሜ በጣቴ ሥር ነበር፤ ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። ቢሆንም ጻፍኩት፤ «በክብር በጡረታ ተሰናብተዋል»።

እትዬ አነበቡት። አይሆንም አላሉም። ማስጀመሪያውን የተጫኑት ግን እሳቸው ናቸው።

አለቃችን ሲፈርም ከፊርማው ቦታ በቀር የሚያየው ነገር የለም። ፈረመ፣ ማኅተም ተመታ። በማግስቱ ማለዳ እትዬ አውቶቡስ ላይ ነበሩ።

ሐሙስ ዕለት አለቃችን ነገሩን ነቃበት። ጩኸቱ እስከ ምድር ቤት ተሰማ።

«ማን አባቱ ነው ይሄን የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። የፈረሙት ግን እርስዎ ነዎት።»

ሳላነብ ፈረምኩ ብሎ ለበላዩ እንዴት ይናገር? ደብዳቤው ጸና። እኔን ግን አልለቀቀኝም። አሥሩን ሥራ እንዳለ በኔ ላይ ጫነው፣ «ፈቃድ የሚባል ነገር እንዳታነሳብኝ» አለኝ። ወደዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ስመለስ በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ሰማሁት።

ስልኩ ይጮሃል። እትዬ ናቸው፣ ያለቅሳሉ። ዘገየን ብዬ ቆሌዬ ተገፈፈ።

«እህትዎ አዩዎት?»

«መስኮት አጠገብ ጎትታ ወስዳ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ ወንድሜ። አየችኝ፣ አየችኝና ‹ይሄ ሁሉ ሽበት ምንድነው? ምነው እንዲህ አስቀያሚ አሮጊት ሆንሽ!› ብላ ሰደበችኝ።»